አርባ ሰከንድ የምትዘገየው ሳጥን

ባፋሎ፣ ሴፕቴምበር 20

የተወደድሽ ረኒ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው ደህና ነው። አባትሽም ደህና ነው። እላይ ፎቅ ላይ ሲያስል እታች ድረስ ይሰማኛል፤ ሳሉ እስከተሰማ ድረስ አለ ማለት ነው። ደብዳቤሽ በዚያች በሴቶች መጠለያው ኃላፊ በኩል፣ በሌላ ከተማ ፖስታ ቤት ዞሮ፣ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። የት እንዳለሽ አልጠይቅሽም። ባላውቀው ይሻላል። ያላወቅሁትን ነገር ያ ባልሽ ነኝ ባይ ውሻ ዳሬል ጥርሴን አንድ በአንድ ቢነቅለው እንኳ ከአፌ ሊያወጣው አይችልም።

ያቺ በኢንተርኔት ቴሌቪዥን የምታሳየው ሳጥን ትሠራለች ወይ ላልሽኝ፣ ትሠራለች! ከዚህ ልትሸሺ ባልሽበት ቀን፣ ዓይንሽ አብጦ፣ ሁለት ጣትሽ ከእንጨት ጋር ታስሮ፣ ቴሌቪዥኔ ጀርባ ተንበርክከሽ ስትሰኪያት አይረሳኝም። «አጎቴ፣ በወር መቶ ሰማንያ ዶላር ለኬብል ቴሌቪዥን ትገፈግፋለህ፤ የምታየው ኳስና የአየር ሁኔታ ብቻ ነው» አልሽኝ። ሰው ነፍሱን ሊያተርፍ ሲሮጥ የሌላውን ወጪ ይቆጥራል? አንቺ ግን እንዲህ ነሽ። የኬብሉን ሳጥን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ወጥቼ ለባለቤቶቹ መለስኩላቸው። አባትሽ እንዲያይ አልፈለግሁማ! በዚህ ሰፈር ኬብል በመጀመሪያ ያስገባሁ እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ፎክሬበታለሁ። አሁን «ተውኩት» ብለው እስኪሞት ይስቅብኛል። እንዳትነግሪው፣ አደራ።

አንድ ነገር ግን እርር ድብን አድርጎኛል። የኛን ደንብ ታውቂያለሽ። እኔና አባትሽ አንድ ክፍል ውስጥ ኳስ ካየን እንደባደባለን፤ ስለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እሱ እላይ፣ እኔ እታች ነን። የኛዎቹ፣ የባፋሎዎቹ፣ ኳሷን በእጃቸው ይዘው የመጨረሻውን መስመር አልፈው ነጥብ ሲያስቆጥሩ እሱ ወለሉን በተረከዙ ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ እኔ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ሦስት ጊዜ እመታለሁ። አሁን ምን ሆነ መሰለሽ? እሱ ዱብ ዱብ ዱብ ያደርጋል። እኔ ቴሌቪዥን ላይ ተጫዋቾቹ ገና ተሰልፈው መቀመጫቸውን ያካሉ! ከዚያ የፈጣሪ ያለህ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ኳሷ ታልፋለች። ደስታዬን ከአፌ ነጠቀኝ። እንዳልጮህበት ኬብሉን መተዌ ይታወቅብኛል። ይህቺ ሳጥን ምን ሆና ነው?

ዳሬል በፒካፕ መኪናው ሁለት ጊዜ መንገዱ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ፍርድ ቤቱ ከቤታችን መቶ ሜትር ራቅ ብሎታል። እሱም መቶ አንደኛው ሜትር ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል።

አጎትሽ ካዝ


ኦክቶበር 3

ውድ አጎቴ ካዝ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ጥርሴን እያስተከልኩ ስለነበር ራሴን ስቼ ነው የሰነበትኩት። ደብዳቤህን ማታ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ በሚቀጥለው አልጋ ያለችው ሴት ብድግ ብላ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። በዚህ ቤት ሰው ሲስቅ ያስደነግጣል።

ስለ እጄና ስለ ሳጥኗ ልመልስልህ። ጣቶቼ ይታጠፋሉ። የቀለበት ጣቴ ብቻ እንቢ ብሏል። ዳሬል የመኪናውን በር ሲዘጋበት ቀለበቱ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነው አለኝ ሐኪሙ። ቀለበቱን በመጋዝ ቆርጠው አወጡልኝና «ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። ጣሉት አልኳቸው። አሁን አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነው፤ በዘጠኝ ጣት ከሁሉም እፈጥናለሁ።

ሳጥኗ ምንም አልሆነችም። ኬብሉ ምስሉን በቀጥታ ያመጣዋል። እሷ ግን ከኢንተርኔቱ ትንሽ ትንሽ እየለቀመች፣ አጠራቅማ ነው የምታሳይህ። ስለዚህ ሠላሳም፣ አርባም ሰከንድ ትዘገያለች። መድኃኒት የለውም። እባክህን አትምታት። አውቅሃለሁ፣ መሳቢያውንም፣ ማሞቂያውንም፣ መኪናህንም በጥፊ ነው የምታስተካክለው። ለአባቴ ንገረውና ይውጣልህ፤ ይስቅብህና ይተዋል። እኔ ግን ቃሌ ነው፣ አልነግረውም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ዳሬል ሲናደድ አትፍራው። ሲናደድ መንገድ ላይ ጮሆ ይሄዳል። ሲስቅ ፍራው። መጀመሪያ ይስቃል፣ ስለ ኳስ ያወራል፣ ከዚያ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። እየሳቀ ከመጣ፣ በማርያም፣ በር እንዳትከፍቱለት። ለአባቴም ጽፌለታለሁ። እሱ ግን ለማንም ሰው በሩን ሳይከፍት መመለስ አይሆንለትም። አንተ ክፉ ነህ፣ ስለዚህ አንተ ጠብቀው።

የምትወድህ ረኒ


ባፋሎ፣ ኦክቶበር 13

የተወደድሽ ረኒ፣

ክፉ ነህ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ገርቲ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

የምሥራች! ሳጥኗ ዳነች። መድኃኒት የለውም ብለሽኝ አልነበር? ገና ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ አንድ ጥፊ፣ በቀኝ ጎኗ፣ እንዲያው ለስለስ አድርጌ አቀመስኳት። ይኸው ሁለት እሑድ ሆነ፣ ኳሷ መስመሩን ስታልፍና አባትሽ ሲረግጥ እኩል ነው። ልቤ ወለል አለ። ኮርኒሱን በመጥረጊያው ስደበድበው ኖራው አናቴ ላይ ረገፈ። አንቺ ኮምፒዩተር ተምረሻል፣ እኔ ግን አርባ ዓመት ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቻለሁ። ማሽን ምን እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ማክሰኞ ዳሬል መጣ። አበባ ይዞ፣ እንዳልሽው እየሳቀ። እኔ ደረጃው ላይ የበረዶ አካፋዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

«ካዝ፣ ገና በረዶ ሳይጥል በአካፋ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

«ውሻ እጠርግበታለሁ» አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ አልወረደም። አበባውን ደረጃው ላይ አኖረና «ለሚስቴ ነው፣ ስትመጣ ስጡልኝ። መምጣቷ አይቀርም» ብሎ ሄደ። አበባውን ረጋግጬ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። ለፖሊስ ደወልኩ፤ መጥተው ጻፉ፣ ሊፈልጉትም ሄዱ።

ከዚያ ከአባትሽ ጋር ተጣላን። አካፋውን እላይ በር አጠገብ ላኑርልህ ስለው፣ «እኔ ሰው በአካፋ አልመታም» ይለኛል። ጠባዩን ታውቂዋለሽ፣ ሸረሪት እንኳ በብርጭቆ ይዞ በመስኮት የሚሸኝ ሰው ነው። በመጨረሻ «ከመጣ ወለሉን እረግጥልሃለሁ፤ አንተ ከነአካፋህ ትወጣለህ» ብሎኝ ተስማማን። ስልክ ከመደወል ይፈጥናል። አዲስ ቁልፍም አስገባሁለት። ስለዚህ እንቅልፍሽን ተኚ።

አጎትሽ ካዝ


ባፋሎ፣ ኦክቶበር 20

ረኒዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ በረዶ ሲጠርግ ወድቆ የእጁ አንጓ ወለም ብሎታል። ለጥቂት ሳምንት መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህ እንዳታስቢ። እኔ እጽፍልሻለሁ። ሰላምታ ያቀርብልሻል።

አየሩ ቀዝቅዟል። ቋሊማ ገዝቼ ነበር፣ ተበላሸ።

ወደዚህ ለመምጣት እንዳታስቢ። ለምንም ነገር። ሰው ቢጠራሽም፣ እኔ ራሴ ብጠራሽም አትምጪ።

ካዝ


ኦክቶበር 31

አጎቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ ደህና እንዳልሆንክ አውቄዋለሁ።

እዚህ የጋራ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ። የባፋሎን የአየር ሁኔታ በየቀኑ አያለሁ። እስካሁን አንዲት የበረዶ ብናኝ አልጣለም። አባቴ የጠረገው በረዶ የማን በረዶ ነው? ቋሊማ ደግሞ አንተ ቤት ሊበላሽ አይችልም። ስለ ሳጥኗ አንዲት ቃል የለም፣ ስለ ኳስ የለም፣ አንድ ሰው አልሰደብክም። ይህን ደብዳቤ የጻፈው የኔ አጎት አይደለም።

አባቴ ዓርብ ዓርብ ይጽፍልኛል። የመጨረሻው የደረሰኝ የኦክቶበር 14ቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓርብ አለፈ። አባቴ እጁ ወለም ቢለው በግራው ይጽፍልኛል፤ እናቴ የሞተች ጊዜ ትኩሳት ላይ ሆኖ ጽፎልኛል። ቤት ደወልኩ። አዎ፣ የመጠለያውን ደንብ ጥሼ፣ ከመንገድ ስልክ ደወልኩ። አንድም ሰው አያነሣም።

አጎቴ፣ ሆስፒታል ነው? ንገረኝ። ልጅ አይደለሁም። በዚህ በኖቬምበር ለምስጋና በዓል የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። እውነቱን ካልጻፍክልኝ ከበራችሁ ታገኘኛለህ። ዳሬል እዚያ ቢኖርም ባይኖርም።

ረኒ


ባፋሎ፣ ኖቬምበር 10፣ በፈጣን ፖስታ

ረኒ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። አጠገብሽ ሰው ይኑር።

አባትሽ ሞቷል። ኦክቶበር 25 ሞተ፣ 29 ቀን ከእናትሽ አጠገብ ቀበርኩት። ሳልነግርሽ ቀበርኩት። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢና ያንን ትኬት ቅደጂው።

ዳሬል ነው የገደለው። እሑድ፣ ኦክቶበር 16፣ በጨዋታው ሰዓት መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ የተተከለበትን ሰዓት መረጠ። አባትሽ በሩን ከፈተለት። ሆስፒታል በሦስተኛው ቀን ነቅቶ በሹክሹክታ የነገረኝን ነው የምነግርሽ። «እየሳቀ ውጤቱ ስንት ነው አለኝ» አለ። ከዚያ ቆለፈ። የት እንዳለሽ ጠየቀው። የፖስታ ቁጥሩን አባትሽ ያውቀው ነበር፣ አይደል? አልተናገረም። ዳሬል ወጥ ቤት ያለውን ከባዱን የብረት መጥበሻ አንሥቶ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ እጆቹን፣ ከዚያ ጭንቅላቱን መታው። ያ ሸረሪት የማይገድል ሰው አልተናገረም። ያ ውሻ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ «ግድ የለም፣ ለቀብርህ ትመጣለች» አለው። ለዚህ ነው አባትሽ «አትንገራት፣ ካዝ። መሬት ከገባሁ በኋላም አትንገራት» ብሎ ያስማለኝ። ዳሬል እውነቱን ነበር። ቀብሩ ላይ ፒካፑ ከመቃብሩ አጥር ማዶ ቆሞ አየሁት። በዚህ ጉልበቴ እየሮጥኩ ስደርስ ሄዷል። ፖሊሶቹ ይፈልጉታል። እሱ ግን አንቺን ነው የሚጠብቀው። ከመጣሽ ይገድልሻል፤ አባትሽም ያን ሁሉ ዱላ የቻለው በከንቱ ይሆናል።

አሁን የኔን ልንገርሽ። ይህን ለፖሊስ ነግሬያለሁ፣ ለቄሱም ነግሬያለሁ። ላንቺ መጻፍ ነው ያቃተኝ።

ሰማሁት። ረኒ፣ ሰማሁት።

የኛዎቹ መስመሩ አፋፍ ላይ ነበሩ። ከላይ ዱብ ዱብ ዱብ አለ፣ ሦስት ጊዜ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም የለም። ይህቺ ሳጥን ደግሞ አመሏ ተነሣባት፣ መዘግየት ጀመረች አልኩ። መጥረጊያዬን ይዤ ኳሷ እስክታልፍ ጠበቅሁ። ግማሽ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ። ኳሷን ነጠቋቸው። ከላይ እንደገና፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አንድ ጊዜ። እያሾፈብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ኬብል መተዌን አውቆ በነጥብ ሳይሆን በባዶ እየረገጠ ያናድደኛል አልኩ። ተነሥቼ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨቱ ደበደብኩትና «ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ!» ብዬ ጮህኩበት።

ዝም አለ።

ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አየሁ። ከዚያ ልጣላው ደረጃውን ወጣሁ፤ ቋሊማውን በሳህን ይዤ፣ መጀመሪያ ልጣላው ከዚያ ላበላው። በሩ ገርበብ ብሏል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፣ አንድ ጫማው ወልቋል። ተረከዙ ያለበት ቦታ እንጨቱ በደም ርሷል። ከመጣ ወለሉን እረግጣለሁ ብሎኝ አልነበረም? ረገጠ። ምልክቱ ከኳሱ ምልክት ጋር አንድ መሆኑን ሁለት የደረቅን ሽማግሎች አላሰብንበትም። ሐኪሙ ያኔውኑ ደርሶ ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር አለኝ። ምናልባት የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አለ፣ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ኳስ አይቻለሁ።

ካዝ


ኖቬምበር 19

አጎቴ፣

አራት ቀን ምንም አልጻፍኩም። አምስተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩት። ይህ ሁለተኛው ነው።

አልመጣም። ትኬቱን የቤቱ ኃላፊ ከእጄ ወስዳ ቆለፈችበት። ሁለት ሴቶች ተጋግዘው ይዘውኝ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱን መስተዋት በግንባሬ ሰብሬዋለሁ፤ ስድስት ቦታ ተሰፋሁ። ዳሬል ሳይኖር በራሴ ላይ ያደረስኩት የመጀመሪያው ቁስል ነው። አባቴን ያለ እኔ ቀበርከው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝም ይቅር ልልህ አልቻልኩም። ነገ እችል እንደሆነ አላውቅም።

አባቴ ከመሞቱ በፊት ስለኔ ምን አለ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ስላንተ ጻፍክልኝ። ስለዚህ እኔም ስላንተ ልጻፍልህ። የኦክቶበር 14ቱን ደብዳቤውን ከነስሕተቱ ገልብጬልሃለሁ። የምልከው ላጽናናህ ይሁን ላቃጥልህ እኔም አላውቀውም። አንብበው፦

«...ካዝ ኬብሉን እንደተወ አላውቅም መስሎታል። ሳጥኑን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ በጓሮ ሲወጣ ከላይ በመስኮት አየሁት፤ ያረገዘች ድመት ይመስል ነበር። የመጀመሪያው እሑድ ስረግጥ የሱ መልስ አልመጣም። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ያውም ልፍስፍስ ብሎ። ሳጥኑ እንደሚዘገይ ያኔ ገባኝ። ደስታውን ቀድሜ እየነጠቅኩት ነው አልኩ። ስለዚህ አሁን የኛዎቹ ሲያስቆጥሩ እግሬን አንሥቼ እስከ አርባ እቆጥራለሁ። አርባ ስል እረግጣለሁ። ወዲያው እሱ ከታች ኮርኒሱን እንዴት እንደሚደበድበው ብታዪ! ቤቱ የሚፈርስ ነው የሚመስለው። ሳጥኑን በጥፊ አዳንኩት እያለ ለራሱ ሲፎክር በማሞቂያው ቧንቧ ሰማሁት። እንዳትነግሪው። በአንድ እግር አርባ መቁጠር ለሰባ አንድ ዓመት ሰው ቀላል አይደለም፣ ግን ምን ላድርግ፣ ያለሱ ኳሱም አይጥመኝ...»

ይኸው ነው።

ረኒ


ባፋሎ፣ ዲሴምበር 19

የተወደድሽ ረኒ፣

ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም፣ ከታሰርኩ በኋላ የጻፍሽውም ጭምር፣ ደረሱኝ። ግንባርሽ እንዴት ሆነ? የወረቀቱ ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም አይተሽ እንዳትደነግጪ። አዎ፣ የአውራጃው እስር ቤት ነው። ምግቡ ጨው የለውም። ሌላው ይቻላል።

ወሬውን ከሰው ቁርጥራጭ ሰምተሽ ከምትጨነቂ ሙሉውን እኔው ልንገርሽ፤ ዳሬል ተይዟል። መንጋጋው በብረት ታስሯል፣ ሁለት ጉልበቱ ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ አያይም ይላሉ። ከእንግዲህ በፒካፕ የሚጠብቅሽ ሰው የለም። አባትሽን በመግደል ይከሰሳል። ስለዚህ ወደ ቤትሽ መምጣት ትችያለሽ።

ያንን የአባትሽን ቃል ሳነብ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ተነሣሁ። ሳጥኗን ነቅዬ እላይ አባትሽ ቤት ወስጄ ሰካኋት። ትተሽው የሄድሽውን ቢጫ የዝናብ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። መብራቱን ሁሉ አበራሁ። ሰፈር ውስጥ «ረኒ መጥታለች፣ አታስወሩብኝ» አልኩ፤ እንዲህ ከተባለ እንደሚወራ ታውቂያለሽ። እሑድ፣ ዲሴምበር 4፣ በጨዋታው ሰዓት፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አካፋዬን ይዤ ቆምኩ። መጣ። እየሳቀ ነው የገባው።

ለጠበቃዬ ያልሸሸግኩትን ላንቺም አልሸሽግም። የመጀመሪያው ምት ራሴን ለመከላከል ነበር ማለት ይቻል ይሆናል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ግን አይቻልም። ወድቆ እንኳ አልተውኩትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው ይህን ያህል ደስ ይለዋል ብዬ አላስብም ነበር። ልጨርሰው አካፋውን በጎኑ አዙሬ አነሣሁ።

ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ዱብ። ዱብ። ዱብ። ወለሉ ላይ። ጉሮሮው በደም ታፍኖ፣ መጮህ አቅቶት፣ በተረከዙ ወለሉን እየመታ ነበር። አባትሽ የተኛበት ቦታ ላይ ነው፣ እንጨቱ ገና ቀይ ነው። ረኒ፣ እጄ አየር ላይ ቀረ። አካፋውን ጣልኩት። ያንን ውሻ በጎኑ ገልብጬ፣ አፉ ውስጥ ጣቴን ከትቼ ደሙን አወጣሁለት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ያዝኩት፣ አምቡላንስ ጠራሁ። ለአባትሽ ያላደረግሁትን ለሱ አደረግሁለት። ይህን ለምን እንዳደረግሁ አትጠይቂኝ፤ እኔም ማታ ማታ ራሴን የምጠይቀው ይኸንኑ ነው።

ጠበቃው የዝናብ ልብሱን አስቀድሜ ስለሰቀልኩ ነገሩ ይከብዳል ይላል። ይክበድ። ለኔ ስትል ነው ወይ ያደረግከው ብለሻል። ላንቺ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ ላንቺ ነው። ግማሹ «ዝም በል» ላልኩት ሰው ነው።

የቤቱ ቁልፍ ከጎን ያሉት ወይዘሮ ቪሌንስኪ ጋ አለ። ሳጥኗ እላይ እንደተሰካች ናት። አትጣያት፣ ጥፋቷ አይደለም። ይቅር አላልኩህም ላልሽኝ፣ አትቸኩይ። እኔም ገና ነኝ።

እዚህ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ አለ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኬብል ነው። አሥራ አንድ ቻናል ኳስ፣ በነፃ፣ አንዲት ሰከንድ ሳይዘገይ። ትናንት የኛዎቹ ተጫወቱ። በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ላይ ኳሷ መስመሩን አለፈች። ስልሳ እስረኛ አንድ ላይ ጮኸ፣ ወንበር ተነሣ፣ ተቃቀፉ፣ አንዱ ራሴን ሳመኝ። እኔ ተቀምጬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። ጩኸቱ በረደ፣ ሁሉም ተቀመጠ፣ የቢራ ማስታወቂያ መጣ። አርባ ስል ተነሥቼ ወለሉን በተረከዜ ሦስት ጊዜ ረገጥኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በር ላይ ያለው ጠባቂ፣ ልጅ እግር ነው፣ «አባባ፣ ዘገዩ እኮ» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት።

አጎትሽ ካዝ